የክረምቱ ተማሪና የቡናው ወራት

በ1960 ሦስት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ኮሎምቢያ፣ ኮርኔልና ሃርቫርድ፣ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ገና ያልጨረሱ ተማሪዎችን በክረምት ዕረፍታቸው ወደ ኢኳዶር፣ ፔሩና ሜክሲኮ መላክ ጀመሩ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ገንዘቡን ካርኔጊ ኮርፖሬሽን ሰጠ፤ ተማሪዎቹም የነባር ሕዝቦችን ባህልና ታሪክ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከባለቤቶቹ ደጃፍ ተቀምጠው እንዲማሩ ታሰበ። የሃርቫርዶቹ ዕጣ በደቡብ ሜክሲኮ፣ ከጓቲማላ ድንበር ወዲህ ባለው በቺያፓስ ደጋ ላይ ወደቀ። አስተናጋጆቻቸው ጾጺል የሚባለውን የማያ ቋንቋ የሚናገሩት የዚናካንታንና የቻሙላ ገበሬዎች ነበሩ። ዛሬ እንዲህ ያለ የክረምት ጉዞ በየዩኒቨርሲቲው የሚገኝ ተራ ነገር ሆኗል። የሚሰነዘርበት ወቀሳም እንዲሁ የተለመደ ነው፦ በሁለትና በሦስት ወር የሰው አገር አይታወቅም ይባላል። የቺያፓስ ክረምቶች ይህን ወቀሳ ለመመርመር ይመቻሉ፤ ምክንያቱም ከእነዚያ ተማሪዎች ብዙዎቹ ስመ ጥር ምሁራን ሆነው ብዙ ጻፉ፣ ቆይተውም የራሳቸውን ቡድን ሥራ እነርሱው ፈተሹት። ከዚህ ፍተሻ የሚወጣው መልስ ከተለመደው ወቀሳ ይለያል። ዋናው ጉዳት የጊዜው ማጠር አይደለም፤ የተመረጠው ወቅትና ይዘውት የመጡት ጥያቄ ነው። ወቅቱ ለተማሪው ማስረጃውን ይመርጥለታል፣ ጥያቄው ደግሞ ያልታየውን ነገር እንደሌለ ያስቆጥረዋል።

የሃርቫርድ ተማሪዎች የገቡበት የቺያፓስ ፕሮጀክት በባዶ ሜዳ አልተተከለም። የቺካጎው አንትሮፖሎጂስት ሶል ታክስ በ1942 መጨረሻ የሜክሲኮ ተማሪዎችን ይዞ ዚናካንታን ገብቶ ነበር። በ1948 የተቋቋመው የሜክሲኮ ብሔራዊ የነባር ሕዝቦች ተቋም ደግሞ የመጀመሪያ ማዕከሉን በ1951 ሳን ክሪስቶባል ደ ላስ ካሳስ ከተማ ከፈተ፤ መንገድ ጠረገ፣ ክሊኒክና ትምህርት ቤት አቆመ። የሃርቫርዱ ኢቮን ቮግት በ1957 የቺያፓስን ፕሮጀክት ሲመሠርት መነሻው ይህ የመንግሥት መርሐ ግብር የሚያመጣውን ለውጥ መከታተል ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን ዓይኑ ከለውጡ ወደ አለመለወጡ ዞረ። በኒው ሜክሲኮ የእንስሳት ርቢ ጣቢያ ላይ ያደገው ቮግት ከነባር ሕዝቦች ጋር መኖርን ያውቅ ነበር፤ ዚናካንታን ሲደርስ የማረከው ግን የማያ ሥልጣኔ ዘር በሕይወት አለ የሚለው ተስፋ ነው። የሥነ ሥርዓት ማዕከል በመሐል፣ የገበሬ መንደሮች በዙሪያው ተበትነው የሚታዩበትን አሠፋፈር ሲያይ፣ የጥንቶቹ ማያዎች ከተሞችም እንዲህ ሳይሆኑ አልቀረም ብሎ አሰበ። ከሺህ ዓመት በፊት የፈረሱትን ሐውልቶች በሕያው ሰው ማንበብ ይቻላል የሚል ሐሳብ ነው። ለወጣት ተማሪ ከዚህ የበለጠ የሚያጓጓ ሐሳብ ማግኘት ያስቸግራል።

ወቅቱም ለዚህ ሐሳብ አደላለት። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ይዘጋሉ፤ እነዚህ ወራት ለቺያፓስ ደጋም የዝናብ ወራት ናቸው። ጁን 24 የቻሙላ ቅዱስ ጠባቂ የዮሐንስ በዓል ነው። ኦገስት 10 ላይ ደግሞ ዚናካንታን የቅዱስ ላውረንስን በዓል ለቀናት ታከብራለች፤ ርችቱ፣ ሙዚቃው፣ ሻማው፣ ከሸንኮራ የሚወጣው አረቄ፣ ባለ ሪባን ባርኔጣ የደፉት ሹማምንት አደባባዩን ይሞሉታል። ተማሪው ማስታወሻ ደብተሩን በእነዚህ ሁለት ታላላቅ በዓላት መካከል ይሞላል ማለት ነው። ከበዓሉ ጀርባ ያለው ሥርዓትም በእርግጥ ሊጠና የሚገባው ነበር። በዚናካንታን አንድ ወንድ በዕድሜው አራት እርከን ያለውን የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ሊወጣ ይችላል። በእያንዳንዱ እርከን ለአንድ ዓመት ከመንደሩ ወጥቶ ማዕከሉ ላይ ይሰነብታል፣ ደሞዝ የለውም፣ ድግሱንም ከኪሱ ይደግሳል። አገልግሎቱ ያስከተለበትን ዕዳ ለመክፈል ዓመታት ይፈጅበታል፤ ከዚያም ለቀጣዩ እርከን ይመዘገባል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፍራንክ ካንሲያን ይህን ሲያጠና የወረፋው መዝገብ ከአሥር ዓመት በላይ ወደፊት ተሞልቶ አገኘው። በ1965 ባሳተመው መጽሐፍም ሥርዓቱ ሀብታሙን አራቁቶ ከድሃው ጋር ያስተካክላል የሚለውን የቆየ ግምት በቁጥር ውድቅ አደረገ፦ ውድ አገልግሎት የሚወስዱት ሀብታሞች ናቸው፣ ሀብታቸውንም አያጡም፤ የሚያገኙት ሀብታቸው በሕዝብ ፊት የተከበረ እንዲሆን ነው። ይህ ጥሩ ሥራ ነው፤ ፕሮጀክቱ ምንም አላፈራም ለሚል ሰውም በቂ መልስ ይሆናል።

ሆኖም ድግሱ በምን ገንዘብ እንደሚደገስ ለማየት ከኦክቶበር በኋላ እዚያ መገኘት ያስፈልግ ነበር። የቻሙላ መሬት ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲነጻጸር ጠባብ ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በፓስፊክ ዳርቻ ባለው ሶኮኑስኮ የጀርመን ባለሀብቶች ሰፋፊ የቡና እርሻ ሲከፍቱ ለቀማው የተሠራው ከደጋው በወረዱ ጾጺሎች ጉልበት ነው። ደላላው በችግር ወቅት ለገበሬው ቅድሚያ ገንዘብ ያበድረዋል፤ ተበዳሪው ቡናው ሲደርስ ቀናት ተጉዞ ወርዶ በጉልበቱ ይከፍላል። ዕዳው ሳያልቅ ሌላ ዕዳ ይጨመራል። የዚናካንታን ሰዎች በበኩላቸው ወደ ግሪሃልባ ወንዝ ሸለቆ ወርደው ከባለርስቶች መሬት ተከራይተው በቆሎ ያመርታሉ። ዋናው የቡና ለቀማ የሚጀመረው የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ከተከፈቱ በኋላ ነው፤ ተማሪው ወደ ሃርቫርድ ሲመለስ ያነጋገረው ሰው ወደ ሶኮኑስኮ ይወርዳል። ማንም ይህን ሆን ብሎ አልቀመረውም። ውጤቱ ግን ሆን ተብሎ ከተደረገ አይለይም፦ በማስታወሻ ደብተሮቹ ውስጥ ሻማ የሚያበራው ሰው ጎልቶ ሲታይ፣ ያው ሰው ቡና ሲለቅም ግን ደብዝዞ ቀረ። በ1969 የወጣው የቮግት ትልቁ መጽሐፍ ከ700 ገጽ በላይ ነው፤ በዚናካንታን ተራራ ላይ ስላሉት መስቀሎችና በተራራው ውስጥ ይኖራሉ ስለሚባሉት የቀደምት አባቶች አማልክት ከእርሱ የሚሻል ማግኘት ይከብዳል። ከባለርስቱ፣ ከደላላውና ከመንግሥት ጋር ያለው ግንኙነት ግን የክብደቱን ያህል ቦታ አላገኘም።

ቀጥሎ የመጣው ፍተሻ ደግሞ «ጥንታዊ» የተባለውን ራሱን ነካ። በ1980 የፕሮጀክቱ ተማሪዎች የነበሩት ጃን ረስና ሮበርት ዋሰርስትሮም ባሳተሙት ጽሑፍ የደጋው የአገልግሎት እርከኖች ከጥንት ማያዎች የተወረሱ ሳይሆኑ በአብዛኛው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ፣ በዚያው የእርሻና የንግድ ለውጥ ግፊት፣ የዛሬ መልካቸውን የያዙ መሆናቸውን ከቤተ ክርስቲያንና ከመንግሥት መዛግብት አሳዩ። ረስ በኋላ ከዚህም አልፎ ሄደ። በ1930ዎቹ አጋማሽ፣ በፕሬዚዳንት ካርዴናስ ዘመን፣ ኤራስቶ ኡርቢና የተባለ ባለሥልጣን ስፓኒሽ የሚያውቁ ወጣቶችን በየማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ አድርጎ አስገባ፤ ቡና ለቃሚዎቹንም በማኅበር አደራጀ። እነዚህ ጸሐፊዎች አርጅተው የቻሙላ አለቆች ሆኑ። በአረቄና በጭነት መኪና ንግድ ከበሩ፣ በሃይማኖታዊ አገልግሎት ተከበሩ፣ የገዢው ፓርቲ ድምፅ ሰብሳቢም እነርሱ ነበሩ። ስለዚህ በ1960ዎቹ አንድ ተማሪ በአክብሮት ያናገረው የወግ ጠባቂ ሽማግሌ ከሩብ ምዕተ ዓመት በፊት መንግሥት የሾመው ወጣት ሊሆን ይችል ነበር። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ወደ ፕሮቴስታንት እምነት የገቡ የቻሙላ ሰዎች «ወግ አፈረሳችሁ» እየተባሉ በሺዎች ሲባረሩና በሳን ክሪስቶባል ዳርቻ ሲሰፍሩ የወጉ ክርክር የሥልጣንና የንግድ ክርክር መሆኑ ለብዙዎች ግልጽ ሆነ። ወጉ ሐሰት ነበር ማለቴ አይደለም። ሰው ለአምሳ ዓመት የኖረበት ሥርዓት የራሱ ነው፤ የተሳሳተው የልደት ቀኑ ነው። የልደት ቀን ደግሞ በታሪክ ትምህርት ቀላል ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ የፕሮጀክቱ ወዳጆች ጠንካራ መቃወሚያ አላቸው። ቮግት የክረምት ተማሪዎችን ብቻ አልላከም፤ ዓመትና ከዚያ በላይ የተቀመጡ፣ ጾጺል አቀላጥፈው የተናገሩ የዶክትሬት ተማሪዎች ነበሩት። እነርሱም የቡናውን ወራት በአካል አይተዋል፤ ታዲያ ወቅቱን እንዴት እንወቅሳለን? መቃወሚያው እውነት አለው፤ ለዚህም ነው ወቅቱን ለብቻው ያልከሰስኩት። ክረምቱ የዶክትሬት ተማሪውን ርእስ ይወስናል፦ ወጣቱ በመጀመሪያው ክረምት በበዓል ተማርኮ ይመለሳል፣ በሁለተኛው ስለ በዓሉ ጥያቄ ያረቃል፣ ለረጅሙ ቆይታ ሲመጣ ያንኑ ጥያቄ ይዞ ነው። ከዚያ በኋላ ቡና የሚለቅመው ሰው ቢታይም «ከመንደር ውጭ» ያለ ጉዳይ ይሆናል። ጥያቄው የተለየ ቢሆን የሚታየውም እንደሚለይ ሪካርዶ ፖሳስ ማስረጃ ነው። ይህ ሜክሲኳዊ በ1940ዎቹ ሶል ታክስ ባሠለጠነው ትውልድ ውስጥ የነበረ ሲሆን፣ በዚያው ቻሙላ የአንድን ሰው የሕይወት ታሪክ ጽፎ በ1948 «ሁዋን ፔሬስ ሆሎቴ» በሚል ርእስ አሳተመ። ባለታሪኩ በልጅነቱ ከአባቱ ዱላ ይሸሻል፣ በእርሻ ጣቢያዎች ይሠራል፣ እስር ቤት ይገባል፣ በሜክሲኮ አብዮት ጦርነት ይዋጋል፣ በመጨረሻ ቻሙላ ተመልሶ የአገልግሎት እርከኑን ይወጣል። በዓሉም አለ፤ ቡናውም አለ። ፖሳስ ለዚህ የበቃው ረጅም ስለቆየ ብቻ አልነበረም። የአገሩ ዜጋ እንደመሆኑ የጠየቀው «ማያዎች ምን ተረፋቸው» ብሎ ሳይሆን «እነዚህ ሜክሲኳውያን እንዴት ይኖራሉ» ብሎ ነው።

ሁለተኛው መቃወሚያ ከ1994 ጋር የተያያዘ ነው። ጃንዋሪ 1 ቀን፣ የሰሜን አሜሪካ የነጻ ንግድ ስምምነት በጸናበት ዕለት፣ ሳፓቲስታ የተባሉ አማፂ ታጣቂዎች ሳን ክሪስቶባልንና ሌሎች የቺያፓስ ከተሞችን ያዙ። ከዚያ በኋላ «ለሠላሳ ዓመት እዚያ የተመላለሱት አንትሮፖሎጂስቶች እንዴት አልታያቸውም?» የሚለው ጥያቄ ፌዝ ተቀላቅሎበት ተደጋገመ። እኔ ይህን ፌዝ አልጋራም። የአመፁ እምብርት በምሥራቅ ያለው የላካንዶን ጫካ ነበር እንጂ ዚናካንታን አልነበረም፤ ትንቢትም የታሪክ ተመራማሪ ሥራ አይደለም። ፌዘኞቹ የዘነጉት ሌላም ነገር አለ፦ የዚያኑ ዓመት የአመፁን የመሬት ሥር በመጽሐፍ ያብራራው ጆርጅ ኮሊየር የዚሁ ፕሮጀክት ፍሬ ነው። በ1960ዎቹ ተማሪ ሆኖ ወደ ዚናካንታን የመጣው ኮሊየር በ1975 ስለ ጾጺል ማሳዎች ጽፎ ነበር፤ የነዳጅ ዘይት ገንዘብ በ1970ዎቹ ገበሬውን ወደ ግንባታና ትራንስፖርት ሲስበው፣ በ1982 የዕዳ ቀውስ ሲመጣ ደግሞ ሲመልሰው ተከታትሏል። ካንሲያንም በ1980ዎቹ ተመልሶ ገብቶ የወረፋው መዝገብ እንደቀለለና የመንደሩ አንድነት እንደላላ አየ፤ በ1992 ባሳተመው መጽሐፍም በ1965 የሣለው ማኅበረሰብ በምን እንደተናጋ መረመረ። አንድ ክረምት ብቻ ቢሆን ይህ ባልተገኘ ነበር። የተደጋገመ ክረምት ግን ራሱን ያርማል፤ ማረሚያው የሚገኘው ደግሞ የመጀመሪያው ጽሑፍ ታትሞ ሲነበብና ሲጠየቅ ነው።

ከመመላለሱ የበለጠ ዋጋ ያለው ግን ብዕሩ እጅ የለወጠበት ጊዜ ነው። በ1980ዎቹ ጃን ረስና ባለቤቱ ዳያን ሳን ክሪስቶባል ውስጥ ከጾጺል ተናጋሪዎች ጋር ትንሽ የኅትመት ዎርክሾፕ ያዙ፤ መጽሐፎቹ በጾጺል የሚጻፉ፣ ለጾጺል አንባቢ የሚታተሙ ነበሩ። በ1986 ከወጡት አንዱ ርእሱ «በእርሻ ጣቢያ ሥራ» የሚል ነው፤ የቻሙላ ሰዎች ስለ ቡና ለቀማ በአንደበታቸው የተናገሩት። ባለታሪኮቹ የራሳቸውን ርእስ የመምረጥ ዕድል ሲያገኙ ከበዓሉ ይልቅ ስለ ቡናው ተናገሩ፤ ወቅቱ ስለሚያዳላው ሚዛን ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አላውቅም። ሮበርት ላፍሊን በሌላ መንገድ እዚያው ደረሰ። በወጣትነቱ ከሃርቫርዱ ፕሮጀክት ጋር የመጣው ላፍሊን፣ በስሚዝሶኒያን ተቋም ሆኖ ወደ 30,000 የሚጠጉ ቃላት የያዘ የጾጺል መዝገበ ቃላት በ1975 አሳተመ። ሴናተር ዊልያም ፕሮክስማየር የመንግሥትን ገንዘብ ያባክናሉ ለሚላቸው በሚሰጠው የፌዝ ሽልማት 89,000 ዶላር ለአንድ የገበሬ ቋንቋ ወጣ ብሎ ተሳለቀበት። (ሴናተሩ ሽልማቱን የሰጠበትን ሥራ አገላብጦ ያየ አይመስለኝም።) የሥራው ባልደረቦች የዚናካንታኖቹ ሮሚን ቴራቶልና አንሴልሞ ፔሬስ ነበሩ። ላፍሊን ወደ አሜሪካ ሲወስዳቸው ያዩትን በጾጺል ጻፉ፤ የጉዞ ማስታወሻቸውም ታተመ። እስከዚያ ድረስ የዚናካንታን ሰው ሲታይ እንጂ አይቶ ሲጽፍ ማን አንብቦ ነበር? ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1983፣ ለተመራማሪዎች መረጃ ሲሰጡ የኖሩ ጾጺሎችና ጎረቤቶቻቸው ጼልታሎች በላፍሊን ድጋፍ የራሳቸውን የጸሐፊዎች ማኅበር፣ ስና ጽኢባሆምን፣ አቋቋሙ፤ በቋንቋቸው ማንበብና መጻፍ አስተማሩ፣ የአሻንጉሊት ቲያትር ይዘው በየመንደሩ ዞሩ።

እንዲህ ያለው የመምህርና የተማሪ መለዋወጥ አዲስ እንዳልሆነ የእኛው ታሪክ ይመሰክራል። በ1652 ክረምት የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ በጀርመን ጎታ ከተማ፣ በመስፍኑ በኧርንስት ግቢ፣ ለጀርመናዊው ምሁር ለኢዮብ ሉዶልፍ መምህር ሆነው ወራት ቆዩ። ሁለቱ የተዋወቁት በ1649 ሮም ውስጥ ነበር። ሉዶልፍ ኢትዮጵያን አንድም ቀን አልረገጠም፤ ሆኖም በ1681 ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክና በ1698 ያወጣው የአማርኛ ሰዋስው የአውሮፓን ትምህርት ለረጅም ጊዜ መርተዋል። አጭሩ ክረምት ይህን ያህል የሠራው የሚጠየቀው ሰው ራሱ የተማረ ስለነበረ፣ የተሳሳተውን ቆርጦ ማረም ስለሚችልና ስሙም በመጽሐፉ ስለተጠራ ነው፤ ሉዶልፍ በ1691 ባወጣው ማብራሪያ ውስጥ የመምህሩን ምስል ሳይቀር አትሞታል። እርግጥ የአንድ ካህን ዓይን የአንድ ካህን ዓይን ነው፤ አባ ጎርጎርዮስ ያልቀረቡት ኑሮ በእርሳቸው በኩል ሊታይ አይችልም። እርሳቸውም የተጻፈውን አንብበው ሊተቹ አልታደሉም፦ በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ በእስክንድሩን አቅራቢያ መርከብ ሰጥሞ አረፉ፤ መጽሐፉ የወጣው ከዚያ 23 ዓመት ቆይቶ ነው።

ሦስተኛው መቃወሚያ ከሁሉም ይከብዳል፦ ነባር ሕዝቦች የራሳቸውን ታሪክ መጻፍ ከቻሉ እንግዳው ተማሪ ለምን ይሄዳል? ጉዞው ይቅር የሚሉ አሉ፤ ከነባር ሕዝቦች ምሁራን መካከልም አሉ። መልሴ ከፊል ነው። የዚናካንታን ልጅ ሁሉ ስለ ዚናካንታን እውነቱን ይናገራል ማለት አይቻልም፤ የቻሙላ አለቆችም «ወጋችን ይህ ነው» ሲሉ የሚከላከሉት የራሳቸውን ጥቅም ነበር። ረስና ዋሰርስትሮም የእርከኖቹን ዕድሜ ያወቁት ከውጭ መጥተው መዝገብ ስላገላበጡ ነው። እንግዳ ዓይን የሚጠቅምበት ቦታ አለ ማለት ነው። የሚጠቅመው ግን የመንደሩ ሰው ሊያነበውና ሊያስተባብለው በሚችል ቋንቋ ሲጽፍ ነው፤ በዚህ ረገድ የቺያፓስ ክረምቶች እጅግ ዘገዩ። የላፍሊን መዝገበ ቃላት እንኳ፣ ሁለት የዚናካንታን ሰዎች የደከሙበት ሥራ፣ በ1975 ሲወጣ ከጾጺል ወደ እንግሊዝኛና ከእንግሊዝኛ ወደ ጾጺል ነበር። በትምህርት ቤት ስፓኒሽ የተማረ የዚናካንታን ወጣት ሊጠቀምበት የሚችለው የስፓኒሽ እትም በሜክሲኮ የታተመው በ2007 ነው። በእነዚያ 32 ዓመታት ሴናተሩ እንኳ ስለ መጽሐፉ አስተያየት ሰጥቷል፤ ቋንቋው የሆነላቸው አብዛኞቹ ሰዎች ግን ገልጠው ሊያነቡት አይችሉም ነበር።